እጁን የሰበሰበው ሐኪም

መኪናዋ የዓባይን ጠመዝማዛ ጨርሳ ደጀን ላይ ስትቆም ዶክተር ሩሃማ አልወርድም አለች። ራሴን አሞኛል ብላ ነው። ራሷስ ደህና ነበር፤ የታመመው ከራስ ዝቅ ብሎ በግራ በኩል ያለው ነው። ደጀንን በምን ዓይኗ ትያት! ከፋሲካ በኋላ እዚሁ መናኸሪያ በር ላይ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጡሩንባውን እየነፋ፣ ረዳቱ «የቀራችሁ ግቡ!» እያለ ሲጮህ ከዶክተር መሳፍንት ጋር የተለያየችበት ቦታ ነው።

«ውረጂ እንጂ!» አሉ ፕሮፌሰር ንጉሴ በመስኮቱ ብቅ ብለው። «በባዶ ሆዱ የሚገመግም ሰው ጨካኝ ነው። በኋላ የሰው ሆስፒታል ታስለቅሺብኛለሽ።»

ፕሮፌሰሩ የገምጋሚ ቡድኑ መሪ ናቸው። ጸጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ሩሃማን ጨምሮ ስንቱን የማህፀንና ጽንስ ሐኪም እየተቆጡም እያሳቁም ያስተማሩ ሰው። እሳቸው፣ ዶክተር ፍሥሐና ሩሃማ ሆነው ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄዱት፣ እዚያ ያለው ሆስፒታል ሐኪሞችን በማህፀንና ጽንስ ሕክምና ለማሠልጠን እውቅና ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ለመወሰን ነው። ሩሃማ በመጀመሪያ የተመደበችው ወደ ሌላ ከተማ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት አንድ ገምጋሚ ወገባቸውን ታመው ሲቀሩ እሷ ተተካች።

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን ምክንያትሽ ምንድን ነው ስትባል ምን ልትል ነው? «የሆስፒታሉን የማህፀንና ጽንስ ክፍል ኃላፊ፣ መሳፍንትን፣ እወደው ነበር» ልትል? ነበር! አሁን እኮ ምንም የለም። ያለቀ ነገር ደግሞ ገምጋሚ የሚከለከልበት ዝምድና አይባልም። እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነች። ራስን ማሳመን መቼም ቀላል ነው፤ ከሳሽም ዳኛም አንድ ሰው ነዋ።

ሩሃማ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ማስተማር ነፍሷ ነው፤ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑትን ሬዚደንቶቿን ሳትቆጣ የዋለችበት ቀን እንደ ባከነ ትቆጥረዋለች። መሳፍንት ደግሞ በጮቄ ተራራ ሥር ያለችው የሮብ ገበያ ገበሬ ልጅ ነው። አብረው ተምረው አብረው ስፔሻሊስት ሲሆኑ አዲስ አበባ እንዲቀር ብዙ ተለምኖ ነበር። «የጮቄ ሴት ምጥ ሲጠናባት አዲስ አበባ ድረስ ልትመጣልኝ ነው?» ብሎ ደብረ ማርቆስ ገባ። ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው በስልክና በአውቶቡስ ሲመላለስ ኖረ። የሩሃማ እናት «ልጄን ለጭቃና ለብርድ አልድርም» አሉ። እሷም በበኩሏ «ሥልጠና በሌለበት አገር ማንን ላስተምር እመጣለሁ?» አለች።

«እንግዲያው ሥልጠናውን አመጣልሻለሁ» አላት መሳፍንት። ሌላው ሰው ለሚወዳት ወርቅ ይገዛል፤ እሱ ሆስፒታል ማሰናዳት ጀመረ።

ታዲያ በፋሲካ ልትጠይቀው ሄዳ ማዋለጃ ክፍሉን ስታይ ልቧ ወደቀ። መሳፍንት የተደናገጠ ጀማሪ ሐኪም ባየ ቁጥር ገፋ አድርጎት ይገባል፤ ሥራውን በሚገርም ፍጥነት ይጨርሳል፤ ጀማሪው ግን ከጀርባው ቆሞ አንገቱን ከማስገግ በቀር የሚያገኘው የለም። ሊሸኛት ደጀን ድረስ ሲመጣ ይህንኑ አፍርጣ ነገረችው። «ግሩም ሐኪም ነህ። አስተማሪ ግን አይደለህም፤ እጅህ አያርፍም። እውቅናውን ብታገኝ እንኳ ልጆቹ ጀርባህን ሲያዩ ከርመው ይመረቃሉ። የአንተን ጀርባ ለማየት ደግሞ እኔ አልመጣም።»

ፊቱ ልውጥውጥ አለ። «እንግዲያው አትምጪ» አላት። አውቶቡሱም ይዟት ሄደ።

ከዚያ በኋላ አልደወለም። እሷም መልእክት ትጽፋለች፣ ታነበዋለች፣ ትሰርዘዋለች። የራሷን ዝምታ ኩራት አለችው፤ የእሱን ዝምታ ግን ንቀት። ሰው ለራሱ ሲሆን ስም ማውጣት ያውቅበታል።

* * *

ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። መሳፍንት በነጭ ጋዋኑ በሩ ላይ ቆሟል። ከስቷል። ፕሮፌሰሩን ጎንበስ ብሎ ጨበጠ፤ ዶክተር ፍሥሐን ጨበጠ፤ ከዚያ ከመኪናው የወረደችውን ሲያይ የተዘረጋ እጁ አየር ላይ ቀረ።

ማን እንደሚመጣ አልተነገረውም ነበር። ዓይኑ አንዴ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ራሱን ሰብሰብ አድርጎ «እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር» አለ።

መጡ! አንቺ ሲላት የኖረ አንደበት! ሩሃማ ብዙ ስድብ ሰምታ ታውቃለች፤ እንደዚህ አክብሮት ያቃጠላት ግን የለም። «እንኳን ደህና ቆዩን» አለችና ቦርሳዋን እየጎተተች አልፋው ገባች።

በመክፈቻው ስብሰባ ፕሮፌሰሩ ደንቡ እንደሚያዘው ጠየቁ። «ከገምጋሚዎቹ መካከል ከዚህ ሆስፒታል ባልደረባ ጋር የሥጋም ሆነ የፍቅር ዝምድና፣ ጥቅም ወይም ቅሬታ ያለው አለ? ካለ አሁን ይናገርና ይውጣ።» ዶክተር ፍሥሐ የለኝም አለ። ሩሃማ ጉሮሮዋን ጠራርጋ «የለኝም» አለች። መሳፍንት ከወዲያ ማዶ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። የለኝም ያለችው እሷ ሆና ሳለ የከፋትም እሷው ነች።

ከዚያ በኋላ የሆነችውን ለመናገር ያሳፍራል። ያየችው ሁሉ ጎደለባት። ቤተ መጻሕፍቱ ጠበባት፤ የጠዋት የትምህርት ውይይት የሚካሄድበት ክፍል ወንበር አነሰባት። የእጅ ልምምድ ክፍሉ ውስጥ ለማዋለድ መለማመጃ የተቀመጠችውን አሻንጉሊት ገልበጥ አድርጋ አየችና «የዚች ሴትዮ ዳሌ ተሰብሮ በፕላስተር ተይዟል» አለች። «በተሰበረ ዳሌ ነው እንዴ የምታስተምሩት?»

አዋላጅ ነርሶቹ አፋቸውን ያዙ። መሳፍንት ግን አልሳቀም። «ልክ ነዎት ዶክተር። ብዙ ሰው ስለተለማመደባት ነው። አዲስ ያስፈልገናል» አለ በለሆሳስ። ብዙ ሰው ተለማመደባት የሚለው ቃል በሩሃማ ጆሮ አልገባም። ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥታ አለፈች።

ዶክተር ፍሥሐ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ምነው፣ ሰውየው ደም ያለበት ነው እንዴ? አያትሽን ገድሏል?» አላት።

* * *

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ማዋለጃ ክፍሉን ሲያዩ፣ ከሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ በአምቡላንስ የመጣች ወላድ ምጧ ተፋፍሞ ገባች። ገምጋሚ ያያል እንጂ አይነካም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ሩሃማ እጆቿን ከኋላዋ አቆላልፋ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። ወላዷን የምትረዳው ዶክተር ፅጌ የምትባል ወጣት ጠቅላላ ሐኪም ናት። እውቅናው ከተገኘ የመጀመሪያዎቹ ሬዚደንቶች ከሚሆኑት አንዷ እንደሆነች በመግቢያው ላይ ሰምተዋል።

የሕፃኑ ጭንቅላት ወጣ። አዋላጆቹ «ማርያም፣ ማርያም» አሉ። ከዚያ ቀጥ አለ። የወጣው ጭንቅላት ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ተወሸቀ።

«ትከሻው ተይዟል!» አለች ፅጌ። ድምጿ ተሰበረ።

በማዋለድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ደሙ ይቀዘቅዛል። ጊዜው በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ሩሃማ ሳታውቀው አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደች፤ ትዝ ሲላት ወደ ግድግዳው ተመለሰች። አሁን ፅጌን ገፍቷት ይገባል ብላ ወደ መሳፍንት አየች።

መሳፍንት ጓንቱን አጥልቋል። ከፅጌ ጎን ቆሟል። ግን እጆቹን ደረቱ ላይ እርስ በርስ አጣምሮ ይዟቸዋል፤ ጓንቱ እስኪወጣጠር ድረስ ጨምቆ ይዟቸዋል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ድምፁ ግን ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ድምፅ ነበር።

«ፅጌ፣ እዚህ ነኝ። አትጎትቺ። እናንተ እግሯን ወደ ሆዷ እጠፉላት። እንደሱ። አንቺ ነርሷ ደግሞ ከሆዷ በታች ተጫኚ። እህቴ፣ ለአፍታ አታምጪ፣ ትንፋሽ ውሰጂ።»

«አልወጣም አለ፣ ዶክተር፣ እርስዎ ይግቡ!»

«የአንቺ እጅ ከእኔ ይቀጥናል፤ እኔ ከማገኘው ፈጥነሽ ታገኚዋለሽ። በኋላ በኩል ግቢ። ክንዱን ፈልጊ። ክርኑ ላይ ስትደርሺ ንገሪኝ።»

ሩሃማ የሕፃኑን ሳይሆን የመሳፍንትን እጆች ታያለች። እነዚያን እጆች ታውቃቸዋለች። መግባት ይፈልጋሉ። እሱ ግን አልለቀቃቸውም።

«አገኘሁት» አለች ፅጌ። «ክርኑ... አገኘሁት!»

«እጠፊና በደረቱ ላይ እያንሸራተትሽ አውጪው። ቀስ። ጎሽ።»

ክንዱ ወጣ፤ ትከሻው ተከተለ፤ ሕፃኑም ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ለአፍታ ዝም ካለ በኋላ ቤቱን በለቅሶ ሞላው። አዋላጆቹ እልል አሉ። ፅጌ ሕፃኑን ለነርሷ አቀብላ በቆመችበት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። መሳፍንት ያን ጊዜ ብቻ እጆቹን ፈታና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ይህን ዕድሜ ልክሽን አትረሺውም» አላት። «እኔ ሠርቼው ቢሆን ዛሬ ማታ ትረሺው ነበር።»

ሩሃማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እንባዋ መጥቶ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ሲገናኙ ገምጋሚነቷን ረሳችው።

«መቼ ነው እንዲህ መቆም የተማርከው?»

«ደጀን ላይ» አላት።

«ታዲያ ለምን አልደወልክም?»

«ምን ብዬ? ተለውጫለሁ ብዬ? እንደሱ የማይል ወንድ አለ? የነገርሽኝ እውነት ነበር ሩሃማ። አቃጠለኝ፣ ግን እውነት ነበር። እስክለምደው ድረስ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የሠራሁት። ነርሶቹ ሐኪማችን በረደው ወይ ይሉኝ ነበር። የማሳይሽ ነገር ሲኖረኝ ነው የምደውለው አልኩ። አንቺም መጣሽና የለኝም አልሽ።» በእንባና በሳቅ መካከል ሆኖ ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «አሁን ይህን ማውራት የለብንም። ያየሽውን ጻፊ። ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም አትጻፊልኝ።»

ሄደ። ሩሃማ ጀርባውን እያየች ቆመች። ያለቀ ያለችው ነገር ሳያልቅ መኖሩን ያወቀችው አሁን አይደለም። ከደጀን ጀምሮ ታውቀዋለች። ትናንት የሰጠችው ነጥብ የፍቅር ቂም ነበር፤ ዛሬ የምትሰጠው ደግሞ የፍቅር ስጦታ ሊሆን ነው። ሁለቱም ግምገማ አይደለም።

ዝም ብትል ሆስፒታሉ ዛሬውኑ ያልፋል፤ ማንም አያውቅም። ብትናገር ደግሞ ከሦስቱ ገምጋሚ አንዱ ጎደለ ማለት ነው፤ ሁለት ሰው አይወስንም። የሬዚደንቶች ምደባ የሚዘጋው በዚሁ ሳምንት ነው። ምትክ ሰው ካልደረሰ ፅጌና ጓደኞቿ ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ይበተናሉ፤ መሳፍንት ዓመታት የደከመበት ለከርሞ ይተላለፋል። የምትወደውን ሰው በእውነት ልትጎዳው ወይስ በውሸት ልትጠቅመው?

* * *

በመዝጊያው ስብሰባ አዳራሹ ሞልቷል። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ሐኪሞቹ፣ አዋላጆቹ፣ ዓይኗ ያበጠው ፅጌም አለች። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አደረጉ። «ነጥቡን ከመደመራችን በፊት ሥርዓት ነውና ደግሜ እጠይቃለሁ። ዝምድና ወይም ቅሬታ ያለው ገምጋሚ አለ?»

መልስ ስለማይጠበቅ ወረቀታቸውን መግለጥ ጀምረው ነበር። ሩሃማ ተነሳች።

«እኔ አለኝ።»

ፕሮፌሰሩ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አይዋት። «ትናንት የለኝም ብለሽ ነበር።»

«ትናንት ዋሽቼ ነበር። የዋሸሁት ግን መጀመሪያ ለራሴ ነው።» ወደ አዳራሹ ዞራ ቀጠለች። «ዶክተር መሳፍንትን እወደዋለሁ። ተጣልተን ነበር፤ አልቋል ብዬ ነበር። በእልህ ስለሆነ የመጣሁት ትናንት የሌለ ጉድለት ሁሉ ስፈልግ ዋልኩ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከዚያች ክፍል ስወጣ ዓለምን ሁሉ ብሰጠው ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ የሚወድ ሰው ዳኛ አይሆንም። የሰጠሁትን ነጥብ በሙሉ ሰርዙልኝ። ሆስፒታሉን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሱንም።»

ከኋላ አንዲት አዋላጅ ነርስ እልል ልትል አፏን ከፍታ ጓደኛዋ በክርኗ ጎሰመቻት።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንት ዓመት ስገመግም እንዲህ ያለ የጥቅም ግጭት አጋጥሞኝ አያውቅም» አሉ። «እውነት በመናገርሽ አልቆጣሽም፤ በማዘግየትሽ ግን እቆጣሻለሁ። ነጥብሽ ተሰርዟል። ግምገማው አልተጠናቀቀም። ዶክተር መሳፍንት፣ የሚሉት አለ?»

መሳፍንት ተነሳ። ፅጌን አየ፤ ሰዎቹን አየ፤ በመጨረሻ ሩሃማን አየ።

«ሌላ ገምጋሚ ይምጣልን» አለ። «የሠራነው ሥራ ሌላ ሰውም ቢያየው ያው ነው። ካልደረሰ ደግሞ ልጆቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ለከርሞ እንደገና እንቆማለን። እኔ ግን ዛሬ ከሰማሁት የሚበልጥ ውጤት የለኝም።»

ያን ጊዜ የተጎሰመችውን ነርስ የሚያቆማት ጠፋ።

* * *

ፕሮፌሰሩ ባሕር ዳር ደውለው አንድ ቆፍጣና ሐኪም በማግስቱ አስመጡ። ሩሃማ ከስብሰባው ታገደች። አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ነበረላት፤ አልሄደችም። የወሊድ ቀናቸው የደረሰ ሴቶች የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ በረንዳ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ የአዳራሹ በር ከዚያ ይታያል። ቁጭ ትላለች፣ ትነሳለች፣ ትንቆራጠጣለች።

«ምን ሁነሽ ነው አንች ልጅ?» አለቻት ይታይሽ የምትባል፣ ሆዷ እስከ አፍንጫዋ የደረሰ የገጠር ሴት። «ሚስቱ ምጥ የያዛት ባል መሰልሽ እኮ! እኔ ነኝ የምወልደው፣ አንች ነሽ የምትጨነቂው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሩሃማም ሳቀች፤ ነገሩንም ከሥር ከመሠረቱ አጫወተቻቸው። ሐኪም መሆኗን ትተው በፍቅሯ ላይ ምክር ጀመሩ። አንዷ «ቀድሞ ይለምንሽ» ስትል ይታይሽ «ወዲያ! ደጁ ድረስ መጥታ ደግሞ ምን ትለመናለች» አለች።

ከሰዓት በኋላ የአዳራሹ በር ተከፈተ። የወጣው መሳፍንት ብቻ ነው። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም፤ ግቢውን አቋርጦ ወደ እሷ መጣ። ሩሃማ ሮጣ ተቀበለችው።

«አትንገረኝ!» አለችው። «መጀመሪያ እኔ ልናገር። ብታልፉም እመጣለሁ፣ ብትወድቁም እመጣለሁ። ሥልጠና ባይኖር አዋላጆችን አስተምራለሁ። እነሱም ካልፈለጉኝ እነዚህን ሴቶች አጫውታለሁ። ለእናቴም ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«አለቀሱ። ከዚያ ወፍራም ጋቢ ግዢ አሉኝ።»

የመሳፍንት እንባ ወረደ፤ አልጠረገውም። ሊናገር የመጣውን ሳይናገር ከኋላው ከአዳራሹ እልልታ ፈነዳ። ፅጌ ጋዋኗን እንደ ባንዲራ እያውለበለበች ቀድማ ወጣች፤ አዋላጆቹ ተከተሉ፤ ፕሮፌሰር ንጉሴም ነጭ ራሳቸውን እየነቀነቁ ከበሩ ላይ ቆሙ።

በረንዳው ላይ ያሉት ሴቶች እልልታ ሲሰሙ እንደ ልማዳቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ሦስት ከሆነ ሴት፣ ሰባት ከሆነ ወንድ ነዋ። «ሦስት! ሴት ናት» አለች አንዷ። «ቆይ፣ አላቋረጠም... ሰባት! ወንድ ነው» አለች ሌላዋ። እልልታው ግን ሰባትን አልፎ ቀጠለ፤ ይታይሽም መቁጠሩን ትታ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሩሃማ በሕይወቷ እልል ብላ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ምላሷን አዘጋጅታ ሞከረች። ግማሹ ሳቅ፣ ግማሹ ለቅሶ ሆኖ ወጣባት። መሳፍንት እንባው ሳይደርቅ ከት ብሎ ሳቀባት።

«ይሁን ግዴለም» አለች ይታይሽ፣ «እዚሁ ነሽ፣ ትለምጂዋለሽ።»